የሚስቴ ውጤት የኔም ውጤት መስሎኝ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ባለቤቴ ኤች አይ ቪ ቫይረስ ተገኘባት፣ እኔ ምን ላድርግ?

ሾፌሩ_ከኮምቦልቻ | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን በመደበቄ ይቅር በሉኝ። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ መስመሬ ጅቡቲ ነው። ይህን የምጽፈው ሚሌ ቆሜ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ነው።

ባለቤቴ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለተኛ ልጃችን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟ ሲታይ ቫይረሱ ተገኘባት። በዚያው ቀን መድኃኒት አስጀመሯት። ማታ ልጃችንን አስተኝታ ነገረችኝ። አልጮህኩም፣ አልሰደብኳትም። "እሺ" ብዬ ጋደም አልኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ተነስቼ መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቤት አልገባሁም። ብር እልካለሁ። ስትደውል "መንገድ ላይ ነኝ" እላታለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት የመጀመሪያዋን ስታረግዝ ተመርምራ ነፃ ነበረች። ወረቀቱን አምጥታ አሳየችኝ፤ እኔም "እንግዲያው እኔም ነፃ ነኝ" ብዬ ተውኩት። "አብረሽው ነይ ብለውኛል" ስትለኝ ጭነት አለብኝ አልኳት። ጭነት አልነበረም። ፈርቼ ነው። መንገድ ላይ ያሳለፍኩትን እኔ አውቃለሁ። እስከ ዛሬም አልተመረመርኩም።

ልጄ 3 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። 2 ዓመት ሙሉ ጡት ጠብታለች። ይህ ሲመጣብኝ መሪ መያዝ ያቅተኛል።

በሆዷ ያለው ይተርፋል? ትልቋስ? እኔስ ምን ብዬ ነው ቤት የምገባው?

እውነቱ_ይነገር | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 4:45

አይዞህ ወንድሜ። ግን ራስህን ከመውቀስህ በፊት አንድ ነገር አስብ። አንተ ምልክት የለብህም፣ ታመህም አታውቅም። የተገኘው እሷ ላይ ነው። ቫይረሱን ማን አመጣው ብለህ ጠይቃት። ወንድ ሁልጊዜ ጥፋተኛ መሆን የለበትም።

አዋላጅ_ሲስተር | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 5:30

በእናቶችና ሕፃናት ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያ ለ"እውነቱ ይነገር" ልመልስ፤ ይህ ጥያቄ ብዙ ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁና።

ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል ስትመጣ ትመረመራለች። ባሏን ግን ማንም አይመረምረውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ቀድሞ ያወቀ ማለት ቀድሞ የተያዘ ማለት አይደለም። "ምልክት የለብኝም" የሚለውም አይሠራም፤ ሰው ቫይረሱን ይዞ ምንም ሳይታመም ዓመታት ይኖራል። ማን አመጣው የሚለውን በወረቀት የሚመልስልህ ጤና ጣቢያ የለም። ብትደርስበትም ለሕፃኑ የምትጨምርለት ነገር የለም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ወንድሜ። በሆዷ ያለው ልጅ ይተርፋል ወይ ላልከው፣ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው፤ ዛሬ ማታ ይህን ይዘህ ተኛ። ምንም ነገር ካልተደረገ በእርግዝና፣ በምጥና በጡት ማጥባት ወቅት ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናትየው መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደችና ልጁም የሚሰጠውን ካገኘ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ባለቤትህ በ5 ወሯ ጀምራለች፤ እስክትወልድ 4 ወር አላት ማለት ነው። ያ ቫይረሱን በደሟ ውስጥ ለማውረድ በቂ ጊዜ ነው። የጀመረችው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል ውስጥ ያሉበትን ሳይሆን አይቀርም፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዋጠው። መድኃኒቱን ከጀመረች 3 ወር ሲሞላት ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደሟ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ብዛት፣ ይለካላታል። ያን ቀን አብረሃት ሁን።

ትልቋን ነገ ዛሬ ሳትል አስመርምራት። ከ18 ወር በላይ ስለሆነችና ጡትም ስለተወች ተራው የጣት ምርመራ ይበቃታል፣ ውጤቱን በዚያው ቀን ትሰማለህ።

አንተ ደግሞ ተመርመር። የባለቤትህ ወረቀት የአንተ ወረቀት አልነበረም፤ አሁንም አይደለም። ከባልና ሚስት አንዱ ይዞት ሌላው ነፃ ሆኖ ሲገኝ በየወሩ እናያለን።

የሁለት_ልጆች_እናት | ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 1:50

ሌሊቱን ሳነበው አደርኩ። እኔ በሚስትህ ቦታ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ በሁለት እርግዝና በሁለት መንገድ አይቼዋለሁ።

በመጀመሪያው ለባሌ አልነገርኩትም። እንክብሎቹን ከብልቃጡ አውጥቼ በጨርቅ ቋጥሬ የበርበሬ ዕቃ ውስጥ እደብቅ ነበር፤ ወንድ በርበሬ ዕቃ አይከፍትም ብዬ። ማታ ማታ እሱ እስኪተኛ ጠብቄ ነው የምውጠው። አንዳንድ ቀን እሱ ሳይተኛ እኔ ይወስደኛል፤ ያን ቀን ሳልውጥ አድራለሁ። ለመውለድ እናቴ ቤት ገጠር ሄድኩና መድኃኒቱ አለቀብኝ። ማንን ልላክ? ምን ብዬ? 9 ቀን ያለ መድኃኒት ልጄን አጠባሁ። ልጄ በእግዚአብሔር ቸርነት ነፃ ሆኖ ተገኘ፤ ግን እነዚያ 9 ቀናት እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ያነቁኛል።

በሁለተኛው ነገርኩት። ብቻዬን አይደለም የነገርኩት፤ የእናቶች ድጋፍ ቡድን ውስጥ ያለች እህት፣ እሷም እንደኔ ቫይረሱ በደሟ ያለ፣ ቤት ድረስ መጥታ አብራኝ ተቀመጠች። ባሌ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ተመርምሮ መጣ፣ እሱም አለበት። ከዚያ ወዲህ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን የሁለታችንንም እንክብል በአንድ ሰሃን ላይ አድርጎ ከውኃ ጋር የሚያመጣው እሱ ነው። ሁለተኛው ልጄን ስጠብቅ አንድም ቀን አላለፈኝም።

የበርበሬ ዕቃው ቢያቅተኝ መድኃኒቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ብቻዬን ስለነበርኩ ነው። ሚስትህ ግን ነግራሃለች፤ እኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን እሷ በአንድ ማታ አድርጋዋለች። ስለዚህ ግባ ወንድሜ። ንግግር አታዘጋጅ፣ ዝም ብለህ ግባ።

የጎንደሩ | ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 6:15

እዚህ መጻፍ አልለመድኩም፤ ያንተ ታሪክ ግን የኔ ነው።

ባለቤቴ በእርግዝናዋ ተመርምራ ነፃ ነበረች፤ ወለደች፣ በደንብ ታጠባ ነበር። እኔ የቀን ሥራ ፍለጋ ሁመራና መተማ እመላለስ ነበር። ሳላውቀው ይዤ መጥቼ ለሷ ሰጠኋት፤ እሷ ሳታውቅ በጡቷ ለልጃችን። ነፍሰ ጡር ሳለች ነፃ ስለተባለች ማንም ድጋሚ አላያትም፣ እኛም አልጠረጠርንም። ልጁ በ10 ወሩ መክሳት ጀመረ። ተቅማጡ አይቆምለትም። ጥርሱ ነው ተባለ፣ ቡዳ ነው ተባለ፣ ያልወሰድንበት የለም። በ14 ወሩ ሐኪም ቤት አስተኛነውና ታወቀ። ሦስታችንም።

ዛሬ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ኳስ ይጫወታል፣ በትምህርቱ ጎበዝ ነው። መድኃኒቱን ራሱ ይወስዳል። ባለፈው ዓመት "አባዬ፣ እኔ ለምንድነው በየቀኑ የምውጠው? እህቴ ለምን አትውጥም?" ብሎ ጠየቀኝ። ካውንስለሯ እንዳስተማረችን ቀስ አድርገን እየነገርነው ነው። በየትኛው ቀን እንደምጨርስለት አላውቅም።

ያኔ አንድ ሰው ጎትቶ ቢያስመረምረኝ ኖሮ እላለሁ። ግን ጎትተውኝ ነበር እኮ፤ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥታለች። "ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው" ብዬ ነው የመለስኳት።

አዋላጅ_ሲስተር | ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 8:40

ጋሼ፣ ይህን በመጻፍዎ አከብርዎታለሁ። የእርስዎን ነገር ሌሎቹ እንዲረዱት ትንሽ ልጨምር።

ቫይረሱ አዲስ በገባበት ሰሞን በደም ውስጥ ያለው ብዛት እጅግ ከፍተኛ ነው። አንዲት እናት በእርግዝና ወይም በማጥባት ላይ ሳለች ከተያዘች ልጇም የሚጋለጠው በዚያው ሰሞን ነው። መድኃኒት አትወስድም፣ ምክንያቱም "ነፃ" የሚል ወረቀት አላት። ለዚህ ነው በመጀመሪያ ክትትሏ ነፃ የሆነችውን ሴት በእርግዝናዋ መጨረሻና በማጥባት ወቅት ድጋሚ ማየት የሚያስፈልገው። ለዚህም ነው "ባለቤቱ ነፃ ስለሆነች እሱን አንፈልገውም" ማለት ትልቅ ስህተት የሆነው። ባሏ ያልተመረመረ ነፃ እናት ለእኔ ሥራዋ ያላለቀ እናት ናት።

ከሪያድ | ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2:05

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ተሳስቼ ነበር። እዚህ ሳዑዲ ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ደም ይታያል፤ የተገኘበት ወደ አገሩ ይመለሳል። ስለዚህ እኔ በየጊዜው "ነፃ ነኝ"። ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ባለቤቴ አርግዛ "ና አብረን እንመርመር" ብትለኝ የኢቃማ ወረቀቴን አሳየኋት። እሷ ግን እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረውን የሕይወቷን ዘመን ማወቅ ፈልጋ ነው፣ እኔ አልገባኝም። ሁለታችንም ነፃ ነን አሁን፤ ግን ወረቀት እየተወራወርን አንድ ወር ተኮራርፈናል።

የጤና_ተማሪ | ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3:30

የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌም በዚሁ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልበል።

ናይሮቢ ውስጥ በተደረገና በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ባሎቻቸው ለክትትል አብረዋቸው የመጡ እናቶች ልጆች በቫይረሱ የመያዝም የመሞትም ዕድላቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ኪሱሙ ላይ ደግሞ ለነፍሰ ጡሮችና በቅርብ ለወለዱ እናቶች ራስን መመርመሪያ ኪት ሰጥተው "ለባልሽ ውሰጂለት" አሏቸው። ኪቱ ከተሰጣቸው መካከል የ90.8 በመቶዎቹ አጋሮች ተመረመሩ፤ እንደ ወትሮው የጥሪ ወረቀት ብቻ ከተሰጣቸው ግን የ51.7 በመቶዎቹ ብቻ። ይህ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ኪቱ ከድድ ላይ በሚወሰድ እርጥበት ይሠራል፣ መርፌ የለውም። በሱ የተገኘበት ሰው ጤና ተቋም ሄዶ ማረጋገጥ አለበት።

ስለዚህ ወንዱ አልፈልግም ብሎ ሳይሆን በሩ ለሱ ስላልተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አንዳንዴ ይህ ሁሉ ልምምጥ ለምን እላለሁ። "ባሏን ያላመጣች አትስተናገድም" ቢባል በአንድ ዓመት ሁሉም አይመጣም ወይ?

አዋላጅ_ሲስተር | ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 4:00

ልጄ፣ ኪቱን በተመለከተ እስማማለሁ። የመጨረሻውን ሐሳብህን ግን እባክህ ጽሑፍህ ውስጥ አታስገባው።

ታንዛኒያ ውስጥ በየቦታው ተሞክሯል። ብቻዋን የመጣች ሴት ከመንደር ሹም ደብዳቤ አምጪ ትባላለች፣ ወይም ከወረፋው መጨረሻ ትደረጋለች። ውጤቱ ምን ሆነ? ባሏ የሞተባት፣ ባሏ የካዳት፣ ጭራሽ ባል የሌላት ሴት ክትትሏን አቋረጠች። በጣም የምንፈልጋት እሷ ናት እኮ።

ሌላም አለ። እኔ ባለሁበት አንዲት ልጅ፣ 19 ዓመቷ፣ "ንገሪው" ብለን ገፋፍተናት ነገረችው። በማግስቱ ፊቷ አብጦ ሻንጣዋን ይዛ ክፍላችን በር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ "ሲቆጣ ምን ያደርጋል?" ብዬ እጠይቃለሁ። የምትፈራ ከሆነ አልገፋትም፤ መድኃኒቷን እኛ ጋ መጥታ የምትውጥበትን፣ ዘመድ የምታማክርበትን መንገድ እፈልጋለሁ። ባል የሚፈለገው ለእሷና ለልጇ ደኅንነት ነው። ደኅንነቷን የሚያሳጣት ከሆነ ይቆየን።

በሩ አልተሠራለትም ያልከው ግን እውነት ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ሁሌም በሴቶች የተሞላ ነው፤ ባል ሲመጣ ውጭ ዛፍ ሥር ይቆማል። ጠርተን አናስገባውም፣ ስሙንም አንጠይቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለአባት ልጅ ሲወለድ 3 ተከታታይ ቀን ይሰጠዋል፤ ለክትትሉ ቀን ግን የቀን ሠራተኛው ደሞዙን ነው የሚከፍልበት። ከወረፋው ፊት አስቀድመን ብናስገባቸው እንኳ ግማሹን ችግር ይፈታ ነበር፤ ብቻቸውን የመጡትን ሴቶች ወደ ኋላ እንዳንገፋ እየተጠነቀቅን።

ሾፌሩ_ከኮምቦልቻ | ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 5:00

ሁሉንም አንብቤዋለሁ። የበርበሬ ዕቃውን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ትናንት ማታ ገባሁ። በሩን የከፈተችልኝ ልጄ ናት። ባለቤቴ ማዕድ ቤት ነበረች፤ አይታኝ "እራት በልተሃል?" ብቻ አለች። ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። "ነገ አብረን እንሄዳለን" አልኳት። ሌላ ምንም አልተባባልንም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ስልኳ ሲጮህ እንክብሏን ልታመጣ ስትነሳ እኔ ተነስቼ ውኃ ቀዳሁላት። አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት ሦስታችንም ሄድን። መጀመሪያ ልጄን አዩዋት፣ እኔ ነኝ ያቀፍኳት። ነፃ ናት። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ያ ወረቀት እጄ ላይ ሲቀመጥ መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት።

እኔ አለብኝ። ስጠብቀው ስለነበር ያን ያህል አልደነገጥኩም። እኔም ዛሬውኑ ጀምሬያለሁ። ፋርማሲ ወረፋ ስንጠብቅ ለባለቤቴ "ከኔ ነው የመጣብሽ" አልኳት። "አውቄዋለሁ" አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቃ ነው የተቀመጠችው።

እውነቱ_ይነገር | ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ 3:10

መጀመሪያ የጻፍኩትን አነሳለሁ። ይቅርታ፣ ወንድሜ። እኔም ሦስት ልጅ አለኝ፣ ተመርምሬ አላውቅም። ሰኞ እሄዳለሁ።

አብረን_ነን | ጥቅምት 17፣ ከቀኑ 7:25

እኔ ነፃ ነኝ፣ ባለቤቴ አለባት። 6 ዓመታችን ነው፣ ሁለት ልጆች ወልደናል፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሰው "እንዴት አልያዘህም?" ይለኛል፤ አንዱ ደሜ የተለየ ነው ይላል፣ ሌላው ተዓምር ይላል። የሷ ቫይራል ሎድ የማይታይ ስለሆነ ነው። ቫይረሱ በደሟ ሳይታይ ከቆየ በግብረ ሥጋ አይተላለፍም። ይህን ሲነግሩኝ ለማመን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እስኪወርድ ድረስ ግን ኮንዶም ተጠቅመናል፣ እንደኔ ላለው የሚሰጥ የመከላከያ መድኃኒትም አለ።

ለሾፌሩ የምነግረው ግን ስለ እናትህ ነው። አትገረም። በእኛ አገር አራስ ቤት የሚገቡት አያቶች ናቸው። የመጀመሪያው ልጃችን በተወለደ በሁለተኛው ቀን እናቴ ለጋ ቅቤ በጣቷ ይዛ ልታልሰው ስትል ደረስኩ። "አንጀቱ እንዲርስ" ነው፤ በፍቅር ነው የምታደርገው፣ እኛንም እንዲያ ነው ያሳደገችን። ግን ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት የምታጠባው ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከጡትና ሐኪም ካዘዘለት መድኃኒት በቀር ምንም ሊቀምስ አይገባም። ቅቤው፣ የስኳር ውኃው፣ አብሹ የሕፃኑን አንጀት ይጎዳዋል፣ ለቫይረሱም መግቢያ ይከፍታል። እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ ነው፤ መቀላቀሉ ነው አደጋው።

ይህን ሚስትህ ለአማቷ ልትናገር አትችልም። "ልጄን ከኔ ነጠለችብኝ" ትባላለች። አንተ ግን ትችላለህ። እኔ እናቴን "ሐኪሙ ከልክሏል፣ እኔም ከልክያለሁ" አልኳት፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ልጁ ግን ነፃ ነው።

ሾፌሩ_ከኮምቦልቻ | ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2:40

አንድ ነገር ልጠይቅ። አማቴ ሰምታለች፣ ባለቤቴ ናት የነገረቻት። "መድኃኒቱን ትታ ጠበል ትግባ፣ እምነትና መድኃኒት አብሮ አይሄድም" ትላለች። ባለቤቴ ልቧ ተከፍሏል። እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ በስልክ ማሳመን አቃተኝ።

ዲያቆን_ነኝ | ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 4:15

ወንድሜ፣ ይህን ለአማትህ እንደ ልጅ ሆነህ ንገራቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው። ጠበል ትጠመቅ፣ ትጠጣ፣ ማንም አይከለክላትም። ማታ እንክብሏን ትውጥ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ጾሙ አያስጨንቃት፤ ስለ መድኃኒት ሰዓቷ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፣ "ተይው" የሚሏት አይመስለኝም። ከቻልክ አማትህን ንስሐ አባታቸው ዘንድ አንተው ይዘሃቸው ሂድ። ከምራት ወይም ከልጅ ይልቅ ከአማች ሲሆን ይሰሙሃል።

ሾፌሩ_ከኮምቦልቻ | ታኅሣሥ 29፣ ከቀኑ 10:20

ዛሬ ገና ነው፣ ቤት ነኝ። አማቴን ይዤ ሄድኩ። አሁን ጠበሉን ለባለቤቴ በጀሪካን እያመጣች "ከዚህ ጋር ዋጪው" የምትላት እሷ ናት።

አዋላጅ_ሲስተር | ጥር 9፣ ከጠዋቱ 4:00

እንዲህ ያለ አማች ያብዛልን። አሁን ስለ ወሊዱ እናውራ፤ በዚህ በኩል የአባት ሥራ ብዙ ነው።

የት እንደምትወልድ ዛሬ ወስኑ። ጤና ተቋም ነው የምትወልደው። የመኪና ነገር ለአንተ አይነገርህም፤ ግን አንተ ጅቡቲ ሆነህ ምጥ ቢመጣስ? የሚወስዳትን ሰው፣ ስልኩን፣ ብሩን አሁን አዘጋጅ። ለማረስ እናቷ ቤት የምትሄድ ከሆነ መድኃኒቷ ቢያንስ የ3 ወር ይሁን፤ ቆጥረህ አስይዛት። ልጁ ሲወለድ ኔቪራፒን ሽሮፕ ይሰጡታል፤ በእሷ ሁኔታ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ይመስለኛል፣ እነሱ የሚያዙህን ተከተል። ልኩን በስሪንጅ መለካት አንተም ተማር። እሷ አራስ ናት፣ ሌሊት ትደክማለች።

ከዚያ ዲቢኤስ አለ፤ ከሕፃኑ ተረከዝ ደም በወረቀት ላይ ጠብ አድርገው ወደ ላቦራቶሪ የሚልኩት ነው። በ6 ሳምንቱ ነው የሚወሰደው። እናቶች ቀኑን ይረሱታል፤ እኔ ለወንድ ልጅ ወላጆች የምነግራቸው "ክርስትና በ40 ቀን፣ ዲቢኤስ በ42 ቀን" ብዬ ነው። የክርስትናው እንግዳ ሳይበተን ካርዱን አውጥታችሁ ትራስ ሥር አድርጉት። ዲቢኤስ በተወሰደበት ቀን ሕፃኑ ኮትሪም የሚባል ከሌላ ኢንፌክሽን የሚከላከል መድኃኒት ይጀምራል። ጡት ማጥባት እስኪያበቃ ይታያል፣ የመጨረሻው ምርመራ በ18 ወሩ ነው።

ሾፌሩ_ከኮምቦልቻ | መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 12:30

ከትናንት ወዲያ ማታ ወንድ ልጅ ተወለደልን፤ ጤና ጣቢያ ነው። የባለቤቴ ቫይራል ሎድ ባለፈው ወር "አይታይም" ተብሏል። የኔ ገና ነው፣ ግን መድኃኒት አላለፈኝም፤ ማንቂያው ጋላፊም ቢሆን ይጮሃል።

ሽሮፑን ትናንት እኔ ነኝ የሰጠሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አዋላጇ "ቀስ፣ በጉንጩ በኩል" አለችኝ። እናቴ ቅቤ ይዛ መጥታ ነበር፤ እንደ "አብረን ነን" አደረግኩ፣ ሐኪሙም እኔም ከልክለናል አልኳት። አኩርፋለች።

የጎንደሩ | መጋቢት 4፣ ከቀኑ 5:00

እንኳን ማርያም ማረቻት። ያሳድግልህ። ሽሮፑን በየቀኑ አንተው ስጠው፤ ቤት ስትሆን ብቻ ሳይሆን፣ መንገድ ላይ ስትሆንም ደውለህ "ሰጠሽው?" በላት።

ሾፌሩ_ከኮምቦልቻ | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 1:15

ውጤቱ ዛሬ መጣ። ነፃ ነው። ለባለቤቴ በስልክ ነው የነገሯት፣ እሷ ለኔ ደወለች፤ ባቲ ቁልቁለት ላይ ነበርኩ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። 18 ወር እስኪሞላው ገና አላለቀም፣ አውቃለሁ፤ ሲስተር አስጠንቅቃኛለች። መድኃኒቱን ባለቤቴም እኔም እንደያዝን ነን። አሁን የ3 ወር ይሰጡኛል፣ ስረጋጋ በየ6 ወሩ ይሆናል ብለውኛል፤ ለሾፌር ያ ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ_አባት | ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 4:50

ይህን ሁሉ አነበብኩ። ባለቤቴ የ3 ወር ናት። ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ክትትል ትሄዳለች፤ ከእሷ ጋር ልሄድ ነው። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ውጤቱን ብቻ አይደለም። በሴቶች መሀል ብቻዬን ወንድ ሆኜ የት እንደምቆም አላውቅም።

ሾፌሩ_ከኮምቦልቻ | ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 5:05

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። የካርድ ወረፋውን አንተ ያዝ፣ እሷ ትቀመጥ። ክፍሉ ጋ ስትደርሱ ውጭ ዛፍ ሥር አትቁም፣ አጠገቧ ተቀመጥ፤ ቦታ ከሌለ ግድግዳ ተደግፈህ ቁም። ስሟ ሲጠራ አብረሃት ተነሳ። "አንተ ጠብቅ" ቢሉህ "እኔም ልመረመር ነው የመጣሁት" በላቸው። እኔ ነገ እስከ 6 ሰዓት ሚሌ ነኝ፣ ኔትወርክ አለ። ስትወጡ ጻፍልኝ።